እርጥብ እጅና የገና ዱላ

ባለፈው ሰሞን ቅዳሜ ገበያ፣ ሰልባጅ ከሚዘረገፍበት ሸራ ላይ አንድ ነጭ የቆዳ ጓንት አነሳሁ። አንድ ነው ያልኩት፤ ጥንድ አይደለም። የግራ እጅ ብቻ። ጓደኛውን ፍለጋ ክምሩን ስገለባብጥ ሻጩ ወጣት ሳቀብኝ። «አይድከሙ ጋሼ፣ ሲሠራም ብቻውን ነው» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጎልፍ ስለሚባል የፈረንጅ ጨዋታ ያስረዳኝ ጀመር። ተጫዋቾቹ ረጅም ዱላ ይይዛሉ፤ ሙቀት ሲሆን እጃቸው እያላበ ዱላው ስለሚያመልጣቸው በአንድ እጃቸው ይህንን ያጠልቃሉ። በቪዲዮው ላይ ፊቱን ፀሐይ የበላው አንድ ሰውዬ እጁን በፎጣ ይጠርጋል፣ ዱቄት ይነሰንሳል፣ ዱላውን ይጨብጣል፣ ደስ አላለውም መሰለኝ መልሶ ይጠርጋል። ጓንቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የቆዳና የደረቀ ላብ ሽታ ነበረው። እዚያው ሸራው ዳር ቆሜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ልጁ ሳይደነግጥ አልቀረም፤ ዋጋውን ሳልጠይቀው ቀነሰልኝ።

አልገዛሁትም። ለእኛ ቤት ሰው አንድ ጓንት ምን ያደርግለታል? ለእኛ ቤት እጅ የሚያስፈልገው ቦይ ነው።

እጄ ያልባል ስላችሁ እንደ ማንኛውም ሰው እጅ እንዳይመስላችሁ። ተማሪ ሳለሁ የፈተና ወረቀቴን የሰበሰበ መምህር «ጥያቄው ይህን ያህል አስለቅሶሃል?» ብሎኝ ያውቃል። ሰው ሲጨብጠኝ እጁን ወደ ኋላ ወስዶ በሱሪው ይጠርጋል፤ እኔም ያላየሁ መስዬ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ። አሁንም ይህን ስጽፍ ከክንዴ ሥር ፎጣ አንጥፌ ነው። ይህን ጸጋ ያወረሰኝ አባቴ ነው። ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ክፍል ይሠራ ነበር፤ በያንዳንዱ ኪሱ አንድ አንድ መሐረብ አያጣም። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠችውን ቀን እያነሳች ታሾፍበት ነበር። «እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። ይኸው ወልጄ ከብጄ፣ እስከ ዛሬ አልደረቀም» ትላለች።

አባቴ ደምቢያ ነው የተወለደው፤ ከቆላ ድባ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ለፋሲካ ይወርዳል፤ ለሠርግ ይወርዳል፤ ለለቅሶማ ማን ቀድሞት! ለገና ግን ንክች አያደርጋትም። የገና ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ጾም ፈትተን፣ እኛ ገና ጣታችንን ሳንልስ እሱ ወንበሩን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣል። ፊቱን ወደ አዘዞ፣ ወደ ደምቢያ መንገድ ያዞርና በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ይሄዳል። «ምን ይሰማሃል?» ትለዋለች እናቴ። «ምንም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ሁሉ አገር ወዲያ ያለ ጩኸት ጎንደር ድረስ አይሰማም። እሱ ግን እስኪመሽ ያዳምጣል። ልጅ ሆኜ እንኳ ያ ጀርባው ያሳዝነኝ ነበር።

ምክንያቱን የነገረኝ ታላቅ ወንድሙ ነው። አባቴ ጎረምሳ ሳለ በገና ጨዋታ ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጥንጓን ሊመታ ዱላውን ሰነዘረ። ጥንጓ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ዱላው ግን ከእጁ ሙልጭ ብሎ ወጣና በሜዳው ላይ እየተሽከረከረ ሄዶ ለተጫዋች የተዘጋጀውን የጠላ እንስራ አፈረሰው። የዚያ ሁሉ ሰው ጠላ መሬት ጠጣው። ባለ እንስራው የሰፈሩ ሰው ብድግ አለ። ነገር ግን በገና ቀን መቆጣት ነውር ነው፤ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ቢመታም ቢሰደብም መሳቅ ግዴታው ነው። ሰውዬው ንዴቱን ማውጫ አጣ። ሲያጣ ጊዜ ስም አወጣ። «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አያ ሙልጭ!» አለ።

«አያ» እኛ ዘንድ ለታላቅ የሚሰጥ ክብር ነው። ጢሙ በቅጡ ላልወጣ ጎረምሳ ሲሰጥ ምን እንደሆነ ለእናንተው እተዋለሁ። ክፋቱ ደግሞ የገና ስድብ በገና ቀን አይቆጡበትምና አባቴም ተከራክሮ ሊያስመልሰው አልቻለም። በማግስቱ ገበያ ላይ «አያ ሙልጭ» ተባለ፤ ሰንብቶ ክርስትና ላይ «አያ ሙልጭ» ተባለ። ቀስ በቀስ የክርስትና ስሙ ጠፋ። ተምሮ ጎንደር ገባ፣ ኮት ለበሰ፣ ሥራ ያዘ። ከገና በቀር ለሁሉም ነገር አገሩ ይመለሳል።

እኔ አስራ ምናምን ዓመት በሆነኝ ጊዜ፣ ታኅሣሥ እንደገባ፣ አጎቴ ሽምብራ ጭኖልን መጣ። ጋቢውን ሳያወልቅ ወሬውን ጀመረ። ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ የወረዱት ጎረምሶች አልተመለሱም፤ የላይ ሰፈር የገና ተጫዋች አጥሮታል፤ የታች ሰፈሮች ካሁኑ መፎከር ጀምረዋል። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች ቃኘኝ።

«ምነው ይኼን ልጅ ብትሰጠኝ? ቁመቱ ሸጋ ነው» አለው አባቴን።

«አያ፣ ቁመቱን ተወውና እጁን ጨብጠው» አለ አባቴ።

አጎቴ ጨበጠኝ። መዳፉን በጋቢው ጠረገና «የማርያም ያለህ! ይኼስ ካንተም ይብስ» አለ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እራት ላይ ግን አባቴ ከሰሃኑ ቀና ሳይል «ይሄዳል» አለ። እናቴ «ልጁን ሊሰድቡብህ ነው?» ብትለው የመለሰላትን አልረሳውም። «ጨዋታው እስኪያልቅ ዱላውን ይዞ ከቆየልኝ እኔም ከእንግዲህ ገና በመጣ ቁጥር አገሬ እወርዳለሁ። ካመለጠው ግን ለሁለታችንም አንድ ስም ይበቃናል።»

በዚያ ዕድሜ ሰው የአባቱን ደስታ በእጁ ያዝ ሲሉት፣ ያውም በእንደኔ ዓይነት እጅ፣ እንዴት እንደሚያልበው አስቡት።

ልምምዱ ግቢያችን ውስጥ ተጀመረ። አጎቴ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ ትቶልን ሄዶ ነበር፤ ጥንግ በሌለበት የጨርቅ ኳስ እንመታለን። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ እጅጌውን ይጠቀልላል፤ እሱ ራሱ ግን ዱላውን አንድ ቀን አልነካም። በመጀመሪያ የሕፃናት ፓውደር ሞከርን። እጄ ላይ ሲነሰነስ ደስ የሚል ሽታ ነበረው፤ ጥቂት ቆይቶ ሊጥ ሆነ። እናቴ በረንዳው ላይ ሆና «እርሾ ጨምሩበት» አለችን። አልኮል ሞከርን፤ ለትንሽ ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ላቡ እልህ ይዞት በእጥፍ ይመጣል። አመድ ሞከርን፤ እሱ ጭቃ ሆነ። ከደባርቅ የመጣ የሱፍ ጓንት ሞከርን፤ በጓንት ውስጥ ዱላው እንደ ቅቤ ነው የሚንሸራተተው፤ አንዱ ምት የጎረቤታችንን ቆርቆሮ አንኳኳና ሴትዮዋ «ማነው?» ብላ በሯን ከፈተች።

«አንቀህ አትያዘው» ይለኝ ነበር አባቴ። «ባነቅኸው ቁጥር እጅህ ያለቅስብሃል። ላላ አርገህ ያዘው።» ይህን ሲለኝ የራሱን ሁለት ጡጫ ጥርሱን ነክሶ ጨብጦ ነበር።

የገና ለታ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ወረድን። የደምቢያ ሜዳ ጤፉ ታጭዶ ወርቅማ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ሰማዩ ላይ አንዲት የደመና ቁራጭ የለም። ጠዋት ያንቀጠቀጠን ብርድ ከረፋዱ በኋላ የት እንደገባ እንጃ፤ ፀሐዩ ከላይ፣ ጥቁሩ መሬት ከታች ሆነው ሰውን መሐል ያደርጉታል። የገለባና የጥሬ ሽምብራ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ከሩቅ ጭፈራ ይሰማል። አባቴ አጎቴ ቤት ደረሰና መደብ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ራሴን አሞኛል፤ እናንተ ሂዱ» አለ። ራሱን እንዳላመመው ሁላችንም እናውቃለን። እንዲያም ሆኖ ከፈለገ አስፕሪኑ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሜዳው ላይ ደርሼ ዱላዬን ስጨብጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ዱላው ያዘኝ። እኔ አልያዝኩትም፤ እሱ ነው የያዘኝ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አባቴ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መያዣውን በፕላስተር ጠቅልሎታል፤ ማጣበቂያውን ወደ ውጭ ገልብጦ። ለማንም አልተናገረም። አጎቴ ደግሞ ተራ መጠቅለያ መስሎት፣ ዱላውን ወደ ሜዳ ተሸክሞልኝ ከመውጣቱ በፊት በራሱ ጥበብ የግራር ሙጫ አቅልጦ ደህና አድርጎ ለቅልቆበታል። እሱም ለማንም አልተናገረም። ሁለት ወንድማማቾች ለአንድ እጅ ተጨንቀው በየፊናቸው አጣበቁኝ።

ከሜዳው ዳር፣ ከዋርካው ሥር፣ ስም አውጪው ሽማግሌ ተቀምጧል። እንስራውን በሁለት ጉልበቱ መሐል አጥብቆ ይዞታል። ከዚያን ዘመን ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር እንዲያ ነው የሚቀመጠው አሉኝ። ሲያየኝ አጎቴን «ይኼ የማነው?» አለው። «የወንድሜ» ሲለው አንዴ እኔን፣ አንዴ እንስራውን አየና ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። ገና ጨዋታ ለማያውቅ ሰው ጠብ ነው የሚመስለው። ጥንጓ አቧራ ውስጥ ትጠፋለች፤ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፤ ይህኛው ወገን ያኛውን በግጥም ያዋርዳል፤ የተዋረደው እየሳቀ ይሮጣል። እኔም ሮጥኩ። እጄ ማላብ ጀመረ፤ በክርኔ በኩል ሲንጠባጠብ ይታወቀኛል። ዱላው ግን ፍንክች የለም። መታሁ፣ ያዘ። ደገምኩ፣ ያዘ። ልቤ ሞላ። «አባባ በገና ይወርዳል፣ አባባ በገና ይወርዳል» እያልኩ በልቤ ነው የምሮጠው። በመጨረሻ ጥንጓ ከተጫዋቹ እግር መሐል ፈትለክ ብላ እፊቴ መጣችና ባለኝ ኃይል ለጋኋት፤ ከታች ሰፈሮች ወሰን አለፈች። የላይ ሰፈር ሜዳው ላይ በደስታ ፈነዳ።

ሽማግሌው እንስራውን ለሰው አደራ ሰጥቶ ተነሳ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ። «የጀግና ልጅ! ና ልጨብጥህ!» አለ። ቀኝ እጄን ልዘረጋ ብል ዱላው አብሮኝ ተዘረጋ። ጣቶቼን ልፈታ ብል አልፈታም አሉ። ያ ሁሉ ላብ ሙጫውን አሟሙቶት፣ ፀሐዩ መልሶ አድርቆት፣ እጄና ዱላው አንድ አካል ሆነዋል። ሰው ሁሉ ያየኛል። ምን ላድርግ? ግራ እጄን ሰጠሁት።

ያንን ለሚያህል ሽማግሌ ግራ እጅ! የፊቱ ቀለም ሲለዋወጥ አየሁት። ግን ገና ነው፤ መቆጣት የለም። ጥርሱን እያሳየ «ምነው ልጄ፣ በግራህ?» አለኝ።

«አልላቀቅ ብሎኝ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? አንዱ ዱላውን፣ አንዱ ወገቤን ይዘው ጎተቱ፤ ዱላውም እኔም አብረን ሄድን። አንዱ «ቅቤ አምጡ» ይላል፤ ሌላው «ጠላ ይፍሰስበት» ሲል ሽማግሌው «የለም!» ብሎ ጮኸ። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ «ሙጫው ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም» እያለ ያጉተመትማል። ወሬው ቤት ደረሰ መሰለኝ አባቴ በአንድ እጁ ጣሳ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ፣ በሌላው መቀስ ይዞ፣ ክራቫቱ በትከሻው ላይ ዞሮ እየሮጠ መጣ። እጄን አየ። «ፕላስተሩ የኔ ነው» አለ። «ሙጫው የማነው?» ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። ሁለቱም ቀድመው ዓይናቸውን ለመስበር ተሽቀዳደሙ።

ከዋርካው ሥር አስቀምጦኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያርሳል፣ ያሻል፣ ያላቅቃል። ያንን ሜዳ በገና ቀን ከረገጠ ስንት ዘመኑ! መርገጡን እንኳ ልብ ያለው አይመስልም፤ ዓይኑ ያለው ጣቶቼ ላይ ነው። ጨዋታው ገና አላለቀም ነበርና ያን ጊዜ የታች ሰፈሮች ጩኸት አነሱ። የላይ ሰፈር ሰው ጎደለበት፤ ወይ ይተካ ወይ ይሸነፍ አሉ። የሚተካ የለም። ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኘና አባቴ ላይ ዓይኑን ጣለ።

«አያ ሙልጭ! ምነው፣ ልጅህን ስታጥብ ሊመሽልህ ነው። ግባ እንጂ!»

የአባቴ ጣቶች ጣቶቼ ላይ ቆሙ። ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም። አፍሮ ተነስቶ የሚሄድ፣ ከእንግዲህ ለፋሲካም የማይመለስ መሰለኝ። እሱ ግን ኮቱን አወለቀና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። የቢሮ ጫማውን እንዳደረገ የአጎቴን ዱላ ተቀብሎ ገባ።

ይችል ነበር! ይህን ማን ነግሮኝ ያውቃል? እነዚያ ቀጫጭን እግሮቹ አቧራው ውስጥ ሲውረገረጉ፣ ጥንጓን ከዚህኛው ቀምቶ ከዚያኛው ሲሸሽግ ፈዝዤ ቀረሁ። የላይ ሰፈር እየጮኸ ነው። ክራቫቱን አንዱ ሲጎትተው እየሳቀ አመለጠ። ወሰኑ ጋ ሲደርስ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሳ። እጁ በፀሐዩ ሲያብረቀርቅ ካለሁበት አየሁት። «አባባ፣ አታንቀው!» ብዬ ጮህኩ።

አነቀው። ዱላው ከእጁ ወጥቶ አየሩን እየሰነጠቀ በረረ። ሽማግሌው «እንስራዬን!» ብሎ እንስራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሮጠ፤ ያንን የሚያህል ሽማግሌ እንዲያ ሲሮጥ አይቼም አላውቅ። ዱላው ከሁላችንም አናት በላይ አልፎ ላሞች የሚግጡበት ገለባ ላይ አረፈ። ሜዳው በሙሉ፣ የላዩም የታቹም፣ በአንድ ድምፅ «አያ ሙልጭ!» አለ።

አባቴ ባዶ መዳፎቹን ዘርግቶ አያቸው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቁ ፈንድቶ ወጣ። ቆሞ ሊስቅ አልቻለምና አቧራው ላይ ቁጭ አለ። አባቴን እንዲያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ጥንጓ ወሰኑን ትለፍ አትለፍ ያየ አንድ ሰው አልተገኘም፤ ሁለቱም ሰፈሮች እስከ ዛሬ ድረስ ያሸነፍነው እኛ ነን ይላሉ። ማታ በሚኒባሱ ስንመለስ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። መንገዱን ሙሉ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጠላው አልፈሰሰም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ገናን ጎንደር አላሳለፈም። ዱላው በየዓመቱ ያመልጠዋል። ሰውም ያንኑ መጠበቅ ጀመረ፤ ልጆች የት እንደሚወድቅ ይወራረዳሉ፣ ሴቶች ማሰሯቸውን ያሸሻሉ። አገር ቤት ስልክ ሲደውል እሱ ራሱ «አያ ሙልጭ ነኝ» ይል ነበር። እናቴ «ይኼን ስም ለመሸሽ ስንት ዓመት ተቀምጠህ ያዳመጥክ ሰውዬ!» ስትለው እየሳቀ እጁን በመሐረቡ ይጠርጋል።

የመጨረሻው ገናው ላይ በሽታው ሥጋውን ጨርሶት ነበር። ሐኪሞቹም እናቴም ተቆጡት፤ አልሰማም አለ። መኪና ኮንትራት ይዤ አወረድኩት። ጋቢ ተከናንቦ ከሜዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስም አውጪው ሽማግሌ አጠገቡ ነበር፤ እርጅና ዓይኑን ወስዶበታል፣ እንስራው ግን ከጉልበቱ መሐል አልተለየም። ተጫዋቾቹ የመጀመሪያውን ምት አንተ ምታ ብለው ዱላ አመጡለት። ደግፌ አቆምኩት። ልጆቹ ለመሮጥ ተዘጋጅተዋል።

ሰነዘረ። ጥንጓ ጥቂት ተንከባለለች። ዱላው እጁ ላይ ቀረ። ሌላ ሰው ያላየ መስሎት ይሆን እንጃ፣ በአየሩ ላይ አንዴ ደግሞ ወዘወዘው። አሁንም እጁ ላይ ነው። ዞሮ አየኝና መዳፉን ሰጠኝ። ነካሁት። ደረቅ ነበር። ፈገግ ብሎ «አየኸው? አሁንስ ያዝኩት» አለኝ በቀስታ።

በሜዳው ላይ የሚናገር ጠፋ። ሽማግሌው ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ፣ ጠበቀና ጨነቀው። «ወዴት ሄደ? ምነው ዝም አላችሁ፣ ወዴት በረረ?» አለ።

አባቴ በተረፈው ድምፁ ጮኸ። «ወዳንተ ነው አያ! እንስራህን እቀፍ!»

ሽማግሌው እንስራውን በሁለት እጁ ጥምጥም አድርጎ አቀፈ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እያለቀሰ የሳቀም ነበር። እኔ አባቴን ወደ ወንበሩ መለስኩት። ደክሞት ነበርና ዱላውን ቀስ ብዬ ከእጁ ልወስድ ሞከርኩ። አልለቀቀልኝም። እኔም አልጎተትኩም።